«ሽፋን ሰብል ዝራ፣ ማዳበሪያ እርሳ» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ፦ መዝራቱስ እሺ፣ መቼ ነው ሚገደለው?

ሰሞኑን «ሽፋን ሰብል ዝራ፣ ማዳበሪያ እርሳ» የሚል ጽሑፍ ሰው እየተቀባበለው ነው፣ እኔም ጋ ደርሶ አነበብኩት። ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው ሚለው፦ ዋናው ሰብል ከተነሳ በኋላ ወይ በሁለት ሰብል መሀል መሬቱን ራቁቱን አትተው፣ ለምርት ሳይሆን ለአፈሩ ብለህ አንድ ነገር ዝራበት፣ እሱ ማዳበሪያ ይተካል፣ አረም ይገድላል፣ ውሃ ይቆጥባል፣ ምርት ይጨምራል፣ ካርቦን ይቀብራል፣ ኩባንያዎች የደበቁት ምስጢር ነው፣ የማይዘራ ገበሬ ካለ ደሞ ወይ አላወቀም ወይ ሰንፏል። ከቨር ክሮፕ ሚባለውን ነገር ለማታውቁት ሰዎች ጥሩ መግቢያ ሊመስል ይችላል፣ ለዛም ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

ከወዲሁ ልበል፣ የሽፋን ሰብል ተቃዋሚ አይደለሁም፣ እንደውም ከደጋፊዎቹ ወገን ነኝ። ያናደደኝ ግን ይሄን አንብቦ የዘራ ሰው በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ሲወርድበት ሁለተኛ ስሙን መስማት አለመፈለጉ ነው። ጽሑፉ ላይ የተደረደሩት ጥቅሞች አብዛኞቹ እውነት ናቸው። ችግሩ ሁሉም ከአንድ ተክል ባንዴ ሚገኙ አስመስሎ መደርደሩ ነው። አንዱን ጥቅም ፈልገህ የመረጥከው ዘርና የገደልክበት ቀን ሌላውን ጥቅም ያሳጣሃል፣ ነገሩ በሙሉ እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ጽሑፉ ውስጥ ደሞ ስለመግደያ ቀን አንድ መስመር የለም። (ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።)

«ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ማዳበሪያ አያስፈልግህም»

ከዚህ ልጀምር፣ ሰውን በቀጥታ ሚጎዳው ይሄኛው ስለሆነ። እውነት የሆነው ክፍሉ ጥራጥሬዎቹን ነው ሚመለከተው። ቬች (ለመኖ ሚዘራ ሐረግ መሳይ ጥራጥሬ ነው)፣ ማገጥ፣ ግብጦ፣ አተር ምናምን ሥራቸው ላይ እባጭ ያወጣሉ፣ እዛ ውስጥ ሪዞቢየም ሚባለው ባክቴሪያና ዘመዶቹ ይኖራሉ፣ አብረው ሆነው ከአየር ላይ ናይትሮጅን ይይዛሉ። በደንብ ያደገ ቬች ቅጠሉና ግንዱ ላይ ብቻ በሄክታር ከ100 ኪሎ በላይ ናይትሮጅን ሊኖረው ይችላል፣ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን ተክሉ ላይ መኖሩና ለቀጣዩ ሰብል መድረሱ ለየቅል ነው። ከዛ ውስጥ የተወሰነው ድሮም አፈሩ ውስጥ የነበረ ነው፣ አፈሩ ናይትሮጅን ካለው ተክሉ ከአየር ለመያዝ አይደክምም፣ ከመሬቱ ይወስዳል። የቀረውም ተክሉ በሞተ ማግስት አይለቀቅም። በመጀመሪያው ወቅት ለቀጣዩ ሰብል ሚደርሰው በደንብ ከሄደ ግማሽ ገደማ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከዛም ያንሳል፣ ሌላው አፈሩ ውስጥ ቀርቶ በቀጣዮቹ ዓመታት ቀስ እያለ ነው ሚወጣው። ጥሩ ምርት ሚሰጥ በቆሎ በሄክታር ከ150 እስከ 200 ኪሎ ናይትሮጅን እንደሚፈልግ ያዙና ሂሳቡን ራሳችሁ ስሩት።

በ2006 የወጣ፣ ብዙ የማሳ ሙከራዎችን ሰብስቦ ያየ አንድ ትንታኔ አለ። ናይትሮጅናቸውን ከጥራጥሬ ሽፋን ብቻ ያገኙ ማሳዎች ምርታቸው ማዳበሪያ ከተደረገባቸው በአማካይ 10 በመቶ ገደማ ዝቅ ያለ ነበር። ይሄ እኮ ለሽፋን ሰብል ትልቅ ምስክርነት ነው፣ ያለ ምንም ዩሪያ ዘጠና በመቶውን ማግኘት! ጸሐፊው ይሄን ቢጽፉ ኖሮ አጨበጭብላቸው ነበር፣ «እርሳ» ማለት ግን ሌላ ነው። ከናይትሮጅን ውጪ ያለውን ደሞ ጭራሽ አላነሱትም። ፎስፈረስና ፖታሲየም ከአየር ሚያመጣ ተክል የለም፣ ሥሩ ጥልቅ የሆነ ሽፋን ሰብል ከታች ያለውን ወደ ላይ ሊያወጣው ይችላል እንጂ አዲስ አይፈጥርም፣ በየዓመቱ ከእህሉ ጋር ከማሳው ሚወጣው ፎስፈረስ በሆነ መንገድ መመለስ አለበት።

ሌላ የተዘለለ ነገር ባክቴሪያው ነው። ትክክለኛው ባክቴሪያ ከሌለ ከአየር ሚመጣ ናይትሮጅን የለም፣ ለግብጦ ሚሆነው ለቬች አይሆንም፣ ለአኩሪ አተር ሚሆነው ለማገጥ አይሆንም፣ ስለዚ መሬቱ ላይ ያ ዘር ተዘርቶ ማያውቅ ከሆነ ዘሩን ከራሱ ባክቴሪያ ጋር ለውሶ መዝራት ያስፈልጋል። ማረጋገጫው ደሞ ላብራቶሪ አይፈልግም፣ ተክሉን አፈሩን ሳታራግፍ ቆፍረህ አውጣውና እባጩን በጥፍርህ ሰንጥቀው፣ ውስጡ ቀላ ወይም ሮዝ ካለ እየሰራ ነው፣ ነጭ ወይ አረንጓዴ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም አቁሟል።

«ማንኛውም አረንጓዴ ነገር አፈር ያዳብራል፣ ዋናው መዝራቱ ነው»

አይደለም። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ቅድም ያልኩት የጥቅሞች መጣላት በደንብ ሚታየው እዚህ ነው።

ተክል ሲበሰብስ ወሳኙ ነገር ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ስንት እጅ ካርቦን አለው ሚለው ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ማይክሮቦች (ሚያበሰብሱት ጥቃቅን ሕያዋን) ሚመቻቸው 24 ለ1 አካባቢ ነው። ቬች 11 ለ1 ገደማ ነው፣ ስለዚ ቶሎ ይበሰብሳል፣ ማይክሮቦቹም የተረፋቸውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይለቃሉ። ራይ ሚባለው የስንዴና የገብስ ዘመድ ደሞ ገና ለጋ እያለ 26 ለ1 ነው፣ ሲያብብ ወደ 37 ይወጣል፣ ደርቆ ገለባ ሲሆን 82 ለ1 ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ያው አንድ ተክል፣ ያው አንድ ማሳ፣ የተቀየረው የተገደለበት ቀን ብቻ ነው። ካርቦኑ ሲበዛ ማይክሮቦቹ የጎደላቸውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ይሻሙና ለጊዜው ይቆልፉታል፣ እላዩ ላይ የተዘራው በቆሎ ቢጫ ሆኖ ይቆማል፣ ሰውየው ደሞ «አፈር ላዳብር ብዬ ሰብሌ ተራበ» ብሎ ግራ ይገባዋል። በዚህ ላይ ሽፋን ሰብል «ማዳበሪያ እርሳ» ተብሎ ከሆነ የተዘራው፣ ያ ሰው ማዳበሪያ ሚያስፈልገው ከወትሮው ይበልጥ ነው።

በተቃራኒው ቬቹን ካየህ፣ ቶሎ በመበስበሱ ምክንያት ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሬቱ ተመልሶ ራቁቱን ነው። ናይትሮጅን ሰጠህ፣ ሽፋን ግን አልሰጠህም። በዛ ላይ የለቀቀውን ናይትሮጅን ሚወስድ ሰብል በሰዓቱ ከሌለ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ይዞት ይወርዳል። ስለዚ «ሽፋን ሰብል ናይትሮጅን ይሰጣል፣ መሬቱንም ለረጅም ጊዜ ይሸፍናል» ሚለው የጽሑፉ ዓረፍተ ነገር ሁለቱም ግማሹ እውነት ነው፣ አንድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይሰራም።

«አሥር አሥራ አምስት ዓይነት ዘር ቀላቅል፣ በበዛ ቁጥር ይሻላል» ሚለውም አለ። ሁለቱን፣ ማለትም አንድ ጥራጥሬና አንድ የብርዕ ሰብል (ቬችና አጃ፣ ቬችና ራይ) መቀላቀል ሚያስኬድ ምክንያት አለው፣ ቬቹ አጃው ላይ ይወጣል፣ የካርቦኑም መጠን መሀል ላይ ያርፋል። ከዛ በላይ ግን ሙከራዎቹ ተሰብስበው ሲታዩ ብዙ ዓይነት ያለው ቅልቅል ከምርጡ ነጠላ ዘር በልጦ ሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አሥራ አምስት ዓይነት ስትዘራ ሦስቱ ሌሎቹን ያፍናቸዋል፣ የሞቱትን ዘር በነፃ አላገኘኸውም። ደሞ ሁሉም በተለያየ ቀን ስለሚያብቡ መቼ ልትገድላቸው ነው?

«አረም ይገድላል፣ ፀረ አረም ከነአካቴው ትተዋለህ»

በቁሙ እያለ አረምን እንደሚያፍን ማንም አይክድም። ጥያቄው ከሞተ በኋላ ነው። የሞተው ሽፋን አረም ቀጥ አድርጎ እንዲይዝ በሄክታር ከ8 እስከ 9 ቶን ደረቅ ክብደት ያለው ወፍራም ንጣፍ ያስፈልጋል፣ ሳሳ ካለ አረሙ በመሀል በመሀል ሰንጥቆ ይወጣል፣ አንዳንዴም እርጥበቱ ተመችቶት ብሶ ይወጣል። ንጣፉ በደንብ ሚይዘው ደሞ ከትንሽ ዘር ሚበቅለውን የአንድ ዓመት አረም ነው፣ በሥሩና በመሬት ውስጥ ግንዱ ሚራባውን እንደ እንግጫ ያለውን ምንም አያደርገውም። ያን ያህል ክብደት ለማግኘት ሽፋኑን ረጅም ጊዜ ማቆየት አለብህ፣ ማቆየት ማለት ደሞ ቅድም ያልነው 37 ለ1፣ 82 ለ1 ነው። ለዛም ነው ወፍራም የራይ ንጣፍ ላይ አኩሪ አተር መዝራት ሚያምረው፣ አኩሪ አተር ናይትሮጅኑን ራሱ ስለሚያመጣ መቆለፉ ብዙም አይጎዳውም፣ በቆሎ ግን ይጎዳዋል። ራይ ሲበሰብስ ሚለቀው ኬሚካልም አለ፣ ትናንሽ የአረም ዘሮችን እንዳይበቅሉ ያደርጋል፣ ግን ማን አረም ማን ሰብል እንደሆነ አይለይም፣ ትናንሽ ዘር ያላቸውን አትክልቶች አብሮ ይመታል።

እና በምን ትገድለዋለህ? ማረስ ትችላለህ፣ ግን ያኔ ንጣፉን ቀበርከው፣ አፈሩንም ከፈትከው። ውርጭ ባለበት አገር አጃና ፍጅል በብርዱ ራሳቸው ይሞታሉ፣ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው ግን ውርጭ ለሌለው አይሰራም። በደቡብ ብራዚል ገበሬዎች ዘንድ የተለመደው ባለ ስለት ሮለር አለ፣ ተክሉን አስተኝቶ ግንዱን እየሰበረ ሚሄድ፣ በጣም እወደዋለሁ፣ ግን ሚሰራው ተክሉ አብቦ ሲሆን ብቻ ነው፣ ቀድመህ ከዳመጥከው በሳምንቱ ቀና ብሎ ይቆማል፣ ዘግይተህ ከዳመጥከው ደሞ ዘር አፍርቷል። የቬች ዘር ከፊሉ ልጡ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ስንዴ መሀል ሊበቅል ይችላል፣ ያኔ አረሙ ራሱ ሽፋን ሰብልህ ሆነ ማለት ነው። የቀረው ፀረ አረም መርጨት ነው። በዓለም ላይ ሳያርሱ ሽፋን ሰብል ሚጠቀሙ ትላልቅ እርሻዎች አብዛኞቹ ሽፋኑን ሚገድሉት በፀረ አረም ነው፣ ጸሐፊው ይሄን አያውቁም ማለት ይከብደኛል።

ስለ ተባይና በሽታም አንድ ቃል የለም። አረንጓዴው ሽፋን ሞቶ ወዲያው ዋናው ሰብል ሲገባበት አንዳንድ በሽታዎች ከሚሞተው ሥር ወደ አዲሱ ቡቃያ ይሻገራሉ፣ ለዛ ነው ራይ ከበቆሎ ዘር በፊት ከ10 እስከ 14 ቀን ቀድሞ ይገደል ሚባለው። ተምችና ቀንድ አውጣም እርጥብ ንጣፍ ይወዳሉ። ኔማቶድ (የተክል ሥር ሚያጠቃ ጥቃቅን ትል) ያለበት መሬት ላይ ቬች መዝራት ለኔማቶዱ ማረፊያ መስጠት ሊሆን ይችላል፣ ሰን ሄምፕ ሚባለው ጥራጥሬ ግን ይቀንሰዋል። ሰናፍጭና ፍጅል ደሞ ከተክል ሥር ጋር ተጋግዘው ከሚኖሩት ጠቃሚ ፈንገሶች (ማይኮራይዛ ከሚባሉት) ጋር አብረው አይኖሩም፣ ስለዚ እነዛን ፈንገሶች ላበዛ ብሎ እነሱን ብቻ ሚዘራ ሰው ለፍቶ መና ነው።

«ውሃ ይቆጥባል»

ሞቶ ሲነጠፍ አዎ። ፀሐዩን ይከላከላል፣ ትነት ይቀንሳል፣ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ደሞ አፈሩ ዝናብ የመምጠጥ አቅሙ ይጨምራል። በሕይወት እያለ ግን ይጠጣል! ተክል ነው፣ ሌላ ምን ሊያደርግ ነው። ዝናብ በሚበዛበት፣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ለመዝራት ሚያስቸግርበት ቦታ መጠጣቱ ራሱ ጥቅም ነው፣ መሬቱን ያደርቅልሃል። ዝናብ በሚያጥርበት ግን የጠጣው ውሃ ከዋናው ሰብል አፍ ላይ የተነጠቀ ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ደረቅ በሆነው በማዕከላዊው የአሜሪካ ሜዳ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ይሄንኑ ፈትሸውት ነበር፣ ከሽፋን ሰብል በኋላ የተዘራው ስንዴ ምርቱ መሬቱ ፆሙን ካደረበት ቀንሶ ነው የተገኘው፣ ቅልቅሉም «እርስ በርስ ስለሚረዳዳ ትንሽ ውሃ ይጠቀማል» ተብሎ ሚወራለትን ያህል አልሆነም፣ ከነጠላው እኩል ነው የጠጣው። ስለዚ ደረቅ ቦታ ላይ ያለ ሰው ወይ ቶሎ ይግደለው፣ ወይ ያንን ዓመት ይለፈው። ቶሎ ሲገደል ደሞ ንጣፉ ቀጭን ነው፣ አረም አይዝም። ተመልሰን እዛው።

«ምርት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም»

የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን በሳተላይት የበቆሎ ቀበቶ በሚባለው፣ በቆሎ በብዛት በሚመረትበት የአሜሪካ ክፍል ከ90,000 በላይ ማሳዎችን አይቶ ነበር። ሽፋን ሰብል ለሦስትና ከዛ በላይ ዓመት የተጠቀሙት ላይ የበቆሎ ምርት በአማካይ 5.5 በመቶ፣ አኩሪ አተር 3.5 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ጉዳቱ ሚብሰው አፈሩ ጥሩ የሆነ ማሳ ላይና የዘር ወቅቱ ዝናብ አነስ ባለበት ነው። ይሄን ቁጥር አንስተው «በቃ ሽፋን ሰብል ኪሳራ ነው» ሚሉም አሉ፣ እነሱም ጋ አልስማማም፣ ያ አማካይ ነው፣ ውስጡ የተጠቀመም የተጎዳም አለ፣ በዛ አካባቢ በብዛት ሚዘራው ሽፋን ደሞ ራይ ነው፣ እሱን ከበቆሎ በፊት መዝራት ደሞ ከላይ ያስጨነቀኝ ነገር ነው። ግን «አይቀንስም» ብሎ በድፍረት መጻፍ አይቻልም።

ሚገርመኝ ጸሐፊው እርግጠኛ መሆን ሚችሉበት ቦታ ላይ በአንድ መስመር ማለፋቸው ነው። መሸርሸር! ከመሬቱ 30 በመቶው ብቻ እንኳን በቅሪት ከተሸፈነ ሚሸረሸረው አፈር በግማሽ ገደማ ይወርዳል፣ የዝናብ ጠብታ አፈሩን በቀጥታ እንዳይመታው ስለሚያደርግ። ተዳፋት መሬት ላለው ሰው ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ይሄ ብቻ ይበቃዋል። ሁለተኛው ናይትሬትን (በውሃ ሚሟሟውን የናይትሮጅን ዓይነት) ይዞ ማስቀረት ነው፣ ያ ቅድም ያነሳሁት የ2006 ትንታኔ ጥራጥሬ ያልሆኑ ሽፋኖች ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ሚሰርገውን ናይትሬት በአማካይ 70 በመቶ ቀንሰዋል ይላል፣ ጥራጥሬዎቹ ግን ከዛ ያነሰ። ዴንማርክ ገበሬዎቿን በሕግ ያስገደደችው፣ የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ለገበሬዎች ምትከፍለው ለዚህ ነው። እና እዚህ ላይም አስተውሉ፣ ናይትሮጅን ሚሰጥህና ናይትሮጅን ሚይዝልህ አንድ ተክል አይደለም።

ካርቦኑን በተመለከተ በ2015 የወጣ ትንታኔ በሄክታር በዓመት 0.32 ቶን ካርቦን ገደማ አፈር ውስጥ ይጨምራል ብሏል። ጥሩ ነው፣ ግን ለዘላለም አይቀጥልም፣ አፈሩ አዲስ ሚዛን ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ መዝራቱን ስታቆም ደሞ ተመልሶ ይወጣል። በናይትሮጅን የበለጸገ ጥራጥሬ አርሶ መቅበር ናይትረስ ኦክሳይድ ሚባለውን ከባቢ አየር ሚያሞቅ ጋዝ ሊጨምር እንደሚችልም መጨመር ነበረበት።

«ኩባንያዎች የደበቁት ምስጢር» ሚለውን እለፉት ቢባል ደስ ይለኝ ነበር። የሮም የግብርና ጸሐፊዎች፣ እነ ካቶ፣ እነ ኮሉሜላ፣ ግብጦ ዘርቶ አርሶ መቅበር መሬት እንደሚያፋፋ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ጽፈዋል። እባጩ ውስጥ ያለው ነገር ከአየር ናይትሮጅን እንደሚይዝ ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመኖች በ1886 ይፋ አድርገዋል። ይሄ ዘዴ የተተወው፣ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ፋብሪካ በ1913 ሥራ ጀምሮ፣ በተለይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ማዳበሪያው ረክሶ ስለበዛ ነው፣ ማንም አልደበቀውም፣ ሌላው ቀለለ። የሽፋን ሰብል ዘር ሚሸጡትም እኮ ኩባንያዎች ናቸው።

«የማይዘራ ገበሬ ወይ አላወቀም ወይ ሰንፏል»

ይሄኛው ነው በጣም የከበደኝ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ደቡብ ቤኒን ውስጥ ሙኩና ሚባለው ጥራጥሬ ስፒር ግራስ የተባለውን አስቸጋሪ ሣር ስለሚያፍን በሺዎች ሚቆጠሩ ገበሬዎች ዘሩት፣ ሣሩንም አፈነው፣ አፈሩንም አሻሻለው። ከዛ ግን አብዛኛው ተወው። ለምን? ሙኩናው መሬቱን አንድ ሙሉ ወቅት ይዞ ሚበላ ነገር አይሰጥም፣ ፍሬው ኤል ዶፓ ሚባል ንጥረ ነገር ስላለበት እንዲሁ ቀቅለህ ምትበላው አይደለም፣ ዘሩን ሲገዙ የነበሩት ፕሮጀክቶች መግዛት ሲያቆሙ ገበያም አጣ። ሰሜን ሆንዱራስ ደሞ ይበልጥ ይገርማል፣ እዛ በቆሎና ሙኩና እያፈራረቁ መዝራቱን ገበሬዎቹ ራሳቸው ናቸው እርስ በርስ እያስተማሩ ያስፋፉት፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተራራማው አካባቢ ከግማሽ በላይ ገበሬ ይጠቀምበት ነበር። እነዚህን ሰዎች አላወቁም ማለት አይቻልም። እዛም ቀነሰ፣ መሬቱ ለከብት እርባታ እየተፈለገ ሄደ፣ ሽፋኑን ሚያሸንፍ አዲስ አረምም ገባ።

አሜሪካ ውስጥ እንኳን፣ ድጎማው፣ ማሽኑ፣ ምርምሩ ሁሉ ባለበት፣ በ2022 የግብርና ቆጠራ ሽፋን ሰብል የተዘራበት መሬት 18 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 7 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነው፣ ከሚታረሰው መሬት 5 በመቶ እንኳን አይሞላም። በ2012 10 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ስለነበር እያደገ ነው፣ ግን የቀረውን 95 በመቶ ሰነፍ ብሎ መሳደብ ምን ይጠቅማል? ለዘሩ ይከፍላል፣ ለመዝራቱ ይከፍላል፣ ለመግደሉ ይከፍላል፣ ጥቅሙ ደሞ ግማሹ ሚሄደው ከሱ በታች ባለው ወንዝ ለሚጠጣው ሰው ነው። ከብት ያለው ሽፋኑን እያስጋጠ ወጪውን ይመልሳል (ማገጥና አልፋልፋ በርሀብ ላይ ያለን ከብት ሆዱን እንደሚነፉት ሳይረሳ)፣ ከብት የሌለው በምን ይመልሰው?

ስለዚ ጸሐፊው በሚቀጥለው ሲጽፉ እያንዳንዱን ጥቅም ካሉ በኋላ አጠገቡ ሦስት ነገር ቢጨምሩልን፦ ይሄን ሚሰጠው የትኛው ዘር ነው፣ በስንተኛው የዕድገት ደረጃው ይገደላል፣ ከሱ በኋላ ምን ይዘራል። እነዚህን ሞልተው ካመጡት ጽሑፉን መጀመሪያ ለሰው ማስተላልፈው እኔ ነኝ።